ከበሩ ዳር የሚረግፈው ልስን፦ ስቱኮው ለሦስተኛ ጊዜም አይይዝም

ጥያቄ፦ «ቤታችን ቦሌ ቡልቡላ ነው፤ በ20 ሳንቲም ብሎኬት ከተሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የሳሎኑ ዋና በር ግራና ቀኝ፣ ከውስጥ በኩል፣ ልስኑ እያበጠ ይረግፋል። በግራ በኩል 70 ሳንቲም ከፍታ ደርሷል፤ በቀኝ 40 ቢሆን ነው። ቀለም ቀቢው ሁለት ጊዜ ፍቆ፣ ስቱኮ ሞልቶ፣ የዘይት ቀለም ቀባው፤ ሁለቱንም ጊዜ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ፈነዳ። አሁን አንዱ ባለሙያ ‹ውሃ የማያስገባ ኬሚካል ባለው ሲሚንቶ ይለሰን› ይላል። ሌላው ‹እስከ አንድ ሜትር ሴራሚክ ለጥፉበትና ተገላገሉ› ይላል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ‹ግድግዳው ከመሬት ውሃ እየሳበ ነውና ተበስቶ ኬሚካል ይወጋ› ብሏል። ግቢውን ከሁለት ዓመት በፊት አስነጥፈነዋል፤ ስለዚህ ጭቃም የቆመ ውሃም የለም። በሩ የብረት ነው። ጥር ላይ የልጄ ሠርግ ስላለ ከዚያ በፊት ቢያልቅልኝ ደስ ይለኛል። የቱን ላድርግ?»

ሦስቱንም አያድርጉ። መልሱ እርስዎ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ፤ «ግቢውን ከሁለት ዓመት በፊት አስነጥፈነዋል» ያሏት። ቤቱ ሰባት ዓመት ያለ ችግር ቆሞ፣ ንጣፉ በገባ በመጀመሪያው ክረምት ልስኑ ማበጥ ከጀመረ፣ ለሳኙን ከመውቀስ በፊት ሜትር ይዞ ወደ ደጅ መውጣት ይሻላል። ንጣፍ ሲነጠፍ ነባሩ መሬት አብዛኛውን ጊዜ አይቆፈርም። ሠራተኛው ገረጋንቲ ይሞላል፣ ይጠቀጥቃል፣ አሸዋ ያለብሳል፣ በላዩ ንጣፉን ይደረድራል፤ በዚህ መሃል ግቢው 15 እና 20 ሳንቲም ከፍ ይላል። ድሮ ሁለት ደረጃ ወጥተው ይገቡበት የነበረው በር ዛሬ በአንድ እርምጃ የሚገባበት ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ከሳሎኑ ወለል እስከ ውጭው ንጣፍ ያለውን ቁመት ይለኩ። የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲም ዝቅ ማለት ነበረበት። እኔ እንዲህ ያሉ ቤቶች ጋ ስጠራ 4 እና 5 ሳንቲም ነው የማገኘው፤ እኩል ሆኖ ያገኘሁበትም አለ።

«ጭቃ የለም፣ የቆመ ውሃም የለም» ማለትዎ እውነት ነው፤ ውሃ የለም ማለት ግን አይደለም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። 100 ካሬ ሜትር ንጣፍ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,000 ሊትር ውሃ ነው፤ በአንድ ከሰዓት አንድ ሮቶ ሙሉ ውሃ ግቢዎ ላይ ተደፋ ማለት ነው። ድሮ አፈሩ በየቦታው ይጠጣው ነበር። አሁን ጠንካራው ንጣፍ ላይ ይንከባለልና ተዳፋቱ ወደመራው ይሄዳል፤ ተዳፋቱ ወደ ቤቱ ከሆነ ወደ በሩ። በየመጋጠሚያው የሚሰርገው ደግሞ የእናንተ ሰፈር ጥቁር አፈር ውስጥ ይገባል። ጥቁር አፈር ውሃ ከጠጣ በቀላሉ አይለቅም። ንጣፉ ከላይ ስለከደነው ወደ ሰማይ መትነን አይችልም፤ የቀረው መውጫ የግድግዳው ሥር ነው። የዝናቡን ፍንጣሪም አይርሱት። ጠብታ ለስላሳ አፈር ላይ ሲወድቅ እዚያው ይቀራል፤ ንጣፍ ላይ ሲወድቅ ግን ነጥሮ የበሩን ሥር ያርሳል።

ለምን በሩ ዳር ብቻ እንጂ ግድግዳው በሙሉ አላበጠም ለሚለው፣ በር ግድግዳው የተቆረጠበት ቦታ ነው። ሌላው ጋ ውሃው ወደ ሳሎን ለመግባት ሙሉ የብሎኬት ውፍረት፣ ውስጡ ባዶ የሆነውን ጭምር፣ ማለፍ አለበት። በሩ ጋ ግን ልስኑ ራሱ ከውጭ ተነሥቶ፣ በበሩ ጎን ታጥፎ፣ ሳይቋረጥ ወደ ውስጥ ይገባል። አንዱን ጫፉን ውሃ ውስጥ እንደነከሩት ጨርቅ አድርገው ይዩት። በሩን ለመትከል የተሰባበረው ብሎኬትም ውስጡ በፍርስራሽና በተረፈ ሲሚንቶ ተሞልቷል፤ ያ ሙሌት ውሃ ይይዛል። በዚያ ላይ ቤት ሲወለወል ውሃው የሚጠረገው ወደ በሩ ነው። በግራ 70፣ በቀኝ 40 መሆኑም በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከጣሪያው የሚወርደው አሸንዳ በግራ በኩል ከሆነ፣ ወይም ንጣፉ ወደ ግራ ካዘነበለ፣ ልዩነቱ ከዚያ ነው።

የብረቱ በር የራሱ ጣጣ አለው። የፍሬሙ እግሮች ወለሉ ውስጥ ገብተው የተቀበሩ ናቸው። ብዙ ጊዜ በሩ ሲተከል ቶሎ እንዲይዝ ዙሪያው በጀሶ ይሞላል፤ ጀሶ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ ሠራተኛው ይወደዋል። እርጥበት ባለበት ቦታ ግን ጀሶ ሁለት ጥፋት ያጠፋል። አንደኛ፣ በውሃ ይሟሟል፤ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ግራም ገደማ ይሄዳል፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር የሚደገም ነው። ሁለተኛ፣ ሲሚንቶ ብረትን ከዝገት የሚጠብቅ ባሕርይ ሲኖረው ጀሶ የለውም፤ እርጥብ ጀሶ ውስጥ የቆመ ብረት ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ ራሱ ብዙ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ከፍሬሙ ጎን ለጎን ወደ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ካለና ዳሩ ላይ ቡናማ እድፍ ከታየ ልስኑን የሚገፋው ውሃው ብቻ ሳይሆን ብረቱም ነው። የቀለም ቀቢዎ ስቱኮም፣ ጀሶ ካለበት፣ በዚሁ ሥርዓት ነው የሄደው።

አሁን ያበጠውን ቦታ በአውራ ጣትዎ ጫን ያድርጉት። ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰበራል፤ ከኋላው ነጭ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ዱቄት ይወርዳል። ብዙ ሰው «ሻጋታ ነው» ይለዋል፤ በረኪና ይረጭበታል። ሻጋታ አይደለም፣ ጨው ነው። ውሃው ከአፈሩ፣ ከአሸዋውና ከሲሚንቶው ጨው አሟሙቶ ይዞ ይመጣል፤ ልስኑ ፊት ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ቀለሙ አየር የማያስወጣ ከሆነ፣ እንደ ዘይት ቀለም፣ ጨው ፊት ለፊት መውጣት አቅቶት ከቀለሙ ኋላ ይከማቻል፤ እየጠጠረ ሲሄድ ልስኑን ከውስጥ ይገፋዋል። ይህ የተከማቸ ጨው ውሃው ከተዘጋ በኋላም አያርፍም። ክረምት ላይ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ይቀልጣል፣ በጋ ላይ ተመልሶ ይጠጥራል። ስለዚህ ጨው የገባበትን ልስን ማከም አይቻልም፤ ወርዶ ይጣላል። ቀለም ቀቢዎ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የላይኛውን ቆዳ ፍቆ የታመመውን ሥጋ ትቶታል።

የባለቤትዎ ወንድም ግማሽ ልክ ነው። ግድግዳው ከሥር እየሳበ መሆኑ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ለእናንተ ቤት አይሆንም። ኬሚካል መውጋት የተፈለሰፈው ድፍን ለሆነ የሸክላ ጡብ ወይም የድንጋይ ግንብ ነው። ፈሳሹ በግንቡ ቀዳዳዎች ተሰራጭቶ ተያያዥ ሽፋን ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። የእናንተ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ የተወጋው ፈሳሽ ባዶው ውስጥ ይወርድና ገንዘብዎ መሠረቱ ላይ ይፈስሳል። ከሁሉ በላይ፣ ውጭው መሬት ከወለሉ እኩል ሆኖ ሳለ ከሥር ብትደፍኑት ውሃው ከጎን ይገባል።

ውሃ የማያስገባው ሲሚንቶ ላይ ያለኝ ተቃውሞ ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ቤት ልክ እንደ እርስዎ ያለ በር ገጠመኝ። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሁለት እጅ አሸዋ አድርጌ፣ ከገበያ የገዛሁትን ውሃ ከልካይ ጨምሬ፣ እንደ አለት የጠነከረ ልስን ለሰንኩላቸው። ኮራሁበት። በዓመቱ ሲጠሩኝ የለሰንኩት ቦታ አንድም ጭረት አልነበረውም፤ እርጥበቱ ግን ከልስኔ በላይ ተሻግሮ የመስኮቱን ሥር ይዞ ነበር፣ ድሮ 60 ሳንቲም የነበረው 1 ሜትር ከ30 ደርሶ። ውሃው መተንፈሻ አጥቶ መተንፈሻ እስኪያገኝ ወጣ፤ ሌላ የተለየ ነገር አልተፈጠረም። ሁሉንም አውርጄ በራሴ ወጪ ደገምኩት። ሴራሚኩም እንዲሁ ነው፤ እስከ አንድ ሜትር ከለጠፉት ከአንድ ሜትር በላይ ይጠብቁት፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ ማጣበቂያው ይለቅና ሴራሚኩ ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮኻል። የጂፕሰም ቦርድ ይለጠፍበት የሚልም አይጠፋም። እሱ ደግሞ እውነተኛውን ሻጋታ ያመጣልዎታል።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ በአካባቢው የተቀበረ የውሃ ቧንቧ ካለ ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግተው፣ የሮቶው መሙያም መዘጋቱን አይተው፣ የውሃ ቆጣሪውን ለግማሽ ሰዓት ይመልከቱ። ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ቧንቧ አለና ከዚህ በታች ያልኩት ሁሉ ይቆይ። ምልክቱም ይለያል፤ የቧንቧ ውሃ ክረምት በጋ አይመርጥም። ከሮቶ በኋላ ያለው መስመር ግን በቆጣሪው ላይ አይታይም፤ እሱን የሮቶውን መውጫ ዘግተው፣ የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርገው በማግስቱ ያዩታል። ሁለተኛ፣ ካልተጎዳው ግድግዳ ላይ፣ ከእርጥበቱ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብለው፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው ለሁለት ቀን ይተዉት። ላብ ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ካዩ፣ እርጥበቱ ካዩት ምልክት አልፎ ሄዷል፤ የሚነሣውን ልስን በዚያው ልክ ያስፋፉ። በእጅ የሚያዙት የእርጥበት መለኪያዎች ጨው ያለበት ግድግዳ ላይ ሁሌም «እርጥብ» ይላሉ። ባለሙያ ያንን እያሳየ ቢያስፈራራዎት አይደንግጡ።

ሥራው የሚጀምረው ከውጭ ነው። ከበሩ ግራና ቀኝ ቢያንስ ሁለት ሁለት ሜትር፣ ቢቻል በዚያ ፊት ሙሉውን፣ ከግድግዳው 30 ሳንቲም ስፋት ያለው ንጣፍ ይነሣ። ከሥሩ ያለው ገረጋንቲ ከሳሎኑ ወለል 20 ሳንቲም ዝቅ እስኪል ይቆፈር። የተገለጠው የግድግዳ ሥር ተጠርጎ ሲደርቅ፣ ከመሬት በታች የሚቀረው ክፍል ብቻ፣ ሬንጅ ሁለት ጊዜ ይቀባ። ከዚያ ጉድጓዱ በታጠበ ጠጠር ይሞላ፤ ጠጠሩም ከወለሉ 15 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ይቁም። ጠጠር ውሃ አይስብም፣ ጠብታም አያነጥርም። የጉድጓዱ ግርጌ ግን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ውሃውን ወደ ፍሳሽ መስመር መውሰድ አለበት፤ ካልሆነ በጥቁር አፈር ላይ ለግድግዳዎ ገንዳ ሠራችሁለት ማለት ነው። በሩ ፊት ለፊት እግር ስለሚረግጠው ጠጠር አይመችም። እዚያ በብረት ፍርግርግ የተከደነ ቦይ ይግባና ከዚያው መስመር ጋር ይገናኝ። የቀረው ንጣፍ ከቤቱ ሲርቅ በየሜትሩ 2 ሳንቲም መውረድ ይገባዋል። ውሃ ልክ አስቀምጠው ይዩት፤ ወደ ቤቱ ከወረደ ንጣፉን ከበሩ ፊት ሁለት ሜትር ያህል አንሥቶ መልሶ መደርደር ግድ ነው። ነጣፊው «ደህና ነው» ቢልዎት አንድ ባልዲ ውሃ ንጣፉ ላይ ያፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ አብራችሁ እዩ፤ ክርክሩ ያልቃል። አሸንዳው በር ዳር የሚያፈስ ከሆነ ይራዘም። ከበሩ በላይ ከ60 ሳንቲም ያላነሰ ጥላ ቢኖር በሩን የሚመታው ዝናብ ይቀንስልዎታል።

ከውስጥ፣ በመጀመሪያ በበሩ ዳር ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ የሚመግበውን ብሬከር ያጥፉ። እርጥብ ግድግዳ ላይ በብረት መሮ የሚሠራ ሰው መብራት ሊይዘው ይችላል፤ ይህን ንቆ የተጎዳ ሰው አውቃለሁ። ልስኑ ከሚታየው እርጥበት 40 ሳንቲም ያህል ከፍ ብሎ እስከ ብሎኬቱ ድረስ ይውረድ፤ በግራ 1 ሜትር ከ10፣ በቀኝ 80 ይሆናል። የላይኛው ጠርዝ በግራይንደር ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ በመዶሻ ብቻ ካወረዱት ደህናው ልስን አብሮ ይለቃል። ለዓይንም ለአፍንጫም መከላከያ ይደረግ። የዘይት ቀለሙ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ሊሆን ስለሚችል በደረቁ አይፈቀፈቅ፤ ከልስኑ ጋር ይውረድ፣ ልጆችም አይቅረቡ። ዞኮሎውም፣ ማለትም ወለሉን ተከትሎ የግድግዳው ሥር ላይ የተለጠፈው፣ ይነሣ። የወደቀውን ፍርስራሽ በዕለቱ ያስወጡት፤ ጨው ያለበት ስለሆነ በረንዳ ላይ ከቆየ ዝናብ መልሶ ያጠጣዋል። ለአዲሱ ልስን ደግሞ እንደ አሸዋ እንዳይቀላቀል፤ ሲደረግ አይቻለሁ።

ከዚያ መጠበቅ። ሰው የሚቸግረው እዚህ ነው። የተገለጠውን ብሎኬት በየሳምንቱ በደረቅ ብሩሽ ያራግፉት፤ የሚወጣውን ነጭ ዱቄት ሰብስበው ይጣሉት። በውሃ እንዳያጥቡት፤ ያጠቡት ጨው ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ድፍን ግንብ ለመድረቅ በየ2.5 ሳንቲም ውፍረቱ አንድ ወር ያህል ይፈልጋል ይባላል፤ የእናንተ ብሎኬት ክፍት ስለሆነ ከዚያ ይፈጥናል፤ ቢሆንም በአዲስ አበባ በጋ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሁለት ወር ተኩል ይስጡት። ሄተር አይደግኑበት። ፊቱ ብቻ ደርቆ ያታልላል። ጥያቄዎ ኅዳር ላይ ስለደረሰኝ አሁኑኑ ከጀመሩ የካቲት አጋማሽ ላይ ለልስን ይደርሳል።

ሠርጉስ? ከጥር በፊት አያልቅም፤ ያልቃል የሚልዎት ካለ ገንዘብዎን ይዞ የሚሄድ ነው። ግን ባዶ ብሎኬት እያሳዩ እንግዳ ይቀበሉ አልልም። ልስኑን ከሠርጉ በፊት አውርዱትና ብሎኬቱን በተቦካ ኖራ፣ እንደ ወተት ቀጥኖ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ አስቀቡት። የኖራ ቅብ ነጭ ነው፣ ግድግዳውም በሱ ውስጥ ይተነፍሳል፤ ማድረቁን አያቋርጠውም። ከበሩ ግራና ቀኝ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ የተሰቀለ መጋረጃ ሲጨመርበት የልስኑ ደረጃ አይታይም፤ ሠርግ ቤት ደግሞ መጋረጃ አይበዛበትም። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላልና ገበያ ላይ ተፈጭቶ፣ በርዶ በከረጢት የሚሸጠውን ይግዙ፤ የሚቀባው ሰው መነጽርና ጓንት ያድርግ።

የካቲት ላይ፣ ከመለሰን በፊት፣ የመጨረሻ ፈተና አለች። ውጭው ሥራ ካለቀ በኋላ የግቢውን ቱቦ ይዘው በሩ ፊት ያለውን ንጣፍ ለግማሽ ሰዓት ያርሱት፤ አንድ ሰው ደግሞ ከውስጥ የተራቆተውን ብሎኬት ይመልከት። ብሎኬት ሲርስ ይጠቁራል፤ ከየትኛው መጋጠሚያ እንደጀመረ በዓይን ይታያል። ልስን ከለበሰ በኋላ ይህን ዕድል አያገኙም። ከጠቆረ ወደ ውጭ ተመለሱ እንጂ አትለስኑ።

የፍሬሙ ነገርም የሚያልቀው በዚሁ ጊዜ ነው። ዙሪያው ያለው ጀሶ ሁሉ ይፈልፈል፤ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪነጣ ይፈተግ፤ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ሁለት ጊዜ ይቀባ። ግርጌው የተበላ ከሆነ በያጅ ቆርጦ አዲስ ብረት ይቀጥልበት፤ በዝገት ላይ ቀለም መቀባት በተለሰነው ውስጥ ፈንጂ መቅበር ነው። ክፍተቱ በሲሚንቶና በአሸዋ ይሞላ።

ልስኑ ጠንካራ መሆን የለበትም፤ የዚህ ሁሉ ሥራ ቁልፉ ይህ ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራ፣ ስድስት እጅ አሸዋ፣ በአንድ ባልዲ ተለክቶ። ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ይሁን፤ ለልስን ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) አያስፈልግም። ኖራ ልስኑን ለስላሳና ተንፋሽ ያደርገዋል። የጎንደር አብያተ መንግሥት በ17ኛው መቶ ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠሩ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲጠገኑ ሲሚንቶና ኮንክሪት ገባባቸው፤ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን እያነሡ በኖራ ነው የተኩት። ኖራ ካጡ አንድ ለስድስት ሲሚንቶና አሸዋ ይበቃል፤ ምንም ዓይነት ውሃ ከልካይ ሳይጨመር። አሸዋው ይታጠብ። በጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ ከትተው፣ ውሃ ሞልተው፣ ነቅንቀው ሲያሳድሩት ከላይ የሚቀመጠው ደለል ከአሸዋው 6 ከመቶ መብለጥ የለበትም።

አለሳሰኑም እንዲህ ነው። ብሎኬቱ በትንሹ ይርጠብ። መጀመሪያ ሻካራ አሸዋና ሲሚንቶ፣ አንድ ለሦስት፣ በግንበኛ ማንካ ተወርውሮ ይረጭ፤ ሙሉውን ሳይሸፍን፣ ግማሹ ብሎኬት እየታየ። በማግስቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን እጅ፤ ሳምንት ቆይቶ 5 ሚሊ ሜትር ማለስለሻ በፍራታዞ (እጀታ ባለው ማለስለሻ ጣውላ)። በአንድ ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር የሚለስን ሠራተኛ ስንጥቅ እየሸጠልዎት ነው። ከሁለቱ የልስን እጆች ከእያንዳንዱ በኋላ ለሦስት አራት ቀን ጧት ማታ ውሃ ይርከፍከፍበት። ልስኑ ወለል እንዳይነካ፤ ከሥሩ 2 ሳንቲም ክፍተት ይተውና ዞኮሎው ይሸፍነው። ይህች ክፍተት ቤት ሲወለወል የሚፈሰውን ውሃ ልስኑ እንዳይመጥጠው ታደርጋለች። ከፍሬሙ ጋር በሚገናኝበትም የ5 ሚሊ ሜትር መስመር ይተውና በሲሊኮን ይሞላ፤ በር በተዘጋ ቁጥር የሚመጣውን ንዝረት ደረቅ ልስን አይችለውም። ማዕዘኑ ላይ ላሜራ የሚያስገቡ ከሆነ የማይዝገውን፤ ካላገኙ ይቅር።

ቀለም ከልስኑ በኋላ አንድ ወር ይቆይ። በዚህ ቦታ ስቱኮ አያስፈልግም። የኖራ ቅብ ካልወደዱት የማያብረቀርቅ የፕላስቲክ ቀለም፣ ሁለት ስስ እጅ። የዘይት ቀለም ወደዚያ ግድግዳ አይመለስ። «ሲቆሽሽ ለማጠብ ይመቻል» ይላሉ፤ በር ዳር የእጅ አሻራ መብዛቱ አይካድም፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ እጅ ቀለም መጨመር ግን ልስን ከማውረድ ይረክሳል።

ይህ ምክር የማይሠራበትንም ልንገርዎት። ከበሩ የላይኛ ማዕዘን በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ጉዳዩ የልስን አይደለም። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል፣ መሠረቱን ይዞት ይንቀሳቀሳል። የስንጥቁን ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀን ይጻፉበት፤ ከወር ወር ከረዘመ ወይም በሩ መዝጋት እንቢ ካለ የስትራክቸር መሐንዲስ ይጥሩ። የመታጠቢያ ቤት በር ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በወለሉ ሴራሚክ ሥር የውሃ መከላከያ አለመደረጉ ነውና ውጭውን መቆፈር ከንቱ ድካም ነው። የጭቃ ቤት ያላቸው አንባቢዎችም ከላይ ያለውን ድብልቅ እንዳይወስዱ። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ በጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ ከላይ ኖራ ይቀባ።

በሐምሌ ወር፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ አዲሱን ልስን ከሥር ጀምረው በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱት። ቀዝቃዛ መሆኑ ያለ ነው። ጠቆር ያለ ክብ ካዩ ዙሪያውን በእርሳስ ከበው ቀኑን ይጻፉና እስከ መስከረም ይተዉት። ከእርሳሱ ካላለፈ የቀረ ጨው ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። ካለፈ ግን የጠጠሩ ቦይ የሆነ ቦታ ተደፍኗል ማለት ነውና አካፋ ይዘው ወደ ደጅ ይውጡ።